የድዴ እራፊ

እኔ ሳቅ የማላውቅ ሰው አይደለሁም። በልጅነቴ እንዲያውም ሆዴን ይዤ የምንከባለል ነበርኩ። አፌን በእጄ ሳልከድን የሳቅኩበት ቀን ግን ትዝ አይለኝም። ሰው ሲያወራኝ ከንፈሬን ሰብሰብ አድርጌ ስለማዳምጥ፣ የማስተምርበት ትምህርት ቤት ውስጥ "ኩሩ ናት" ይሉኝ ነበር። እኔን ብሎ ኩሩ! ጥርሴ ቡናማ ስለሆነ ነው እንጂ ሌላ ምን ኖሮኝ እኮራለሁ?

ጣጣው የመጣው ከውሃ ነው። አባቴና እናቴ የኦቾሎ ሰዎች ናቸው። ታላቅ እህቴ እዚያው ደጋ ላይ ተወልዳ ነፍስ ካወቀች በኋላ፣ የሚታረስ መሬት ፍለጋ ወደ ቆላው ወርደው ምዕራብ ዓባያ አጠገብ ሰፈሩ። እኔ የተወለድኩት እዚያ ነው። እህቴ የምንጭ ውሃ ጠጥታ ያደገች፣ ጥርሷ ወተት። እኔ የጉድጓዱን ውሃ ጠጥቼ ያደግኩ፣ ጥርሴ የዛገ ቆርቆሮ። እርግጥ የሰፈራችን ልጆች ሁሉ እንደዚያው ስለነበርን እዚያ እያለሁ ነገሬም ብዬው አላውቅም። አንድ ጊዜ ለለቅሶ ኦቾሎ ስንወጣ ግን የአክስቶቼ ልጆች ከበው "እስኪ ክፈቺ! አፍሽን ክፈቺ!" እያሉ አስጨነቁኝ። ከፈትኩላቸው፤ ሞኝ ነበርኩ። አንዷ ጮኻ ወደ እናቷ ሮጠች። "ጭቃ ትበላለች!" አለች። ያን ቀን እጄ ወደ አፌ ሄደ፤ ከዚያ በኋላ አልወረደም።

መምህር ሆኜ አርባ ምንጭ ስመደብ ሲቀላ ሰፈር እህቴ ዘንድ ገባሁ። አንደኛ ክፍል ነው የሰጡኝ። ልጆች ፊት ቆሞ "ሀ በሉ፣ ሁ በሉ" ማለት አፍ ካልከፈቱ እንዴት ይሆናል? ፊደሉን ሰሌዳው ላይ እጽፍና፣ ጀርባዬን ሰጥቻቸው ለሰሌዳው እጮህ ነበር። ከዚያ ይልቅ ግን የከነከነኝ "መምህርቷ ጥርሷን አትፍቅም" መባሉ ነው። ቆሻሻ መባል! ስለዚህ ፍቂያ ጀመርኩ። መፋቂያ ብቻውን አልበቃ ሲለኝ ከሰል ፈጨሁ። ከሰሉ ላይ ጨው ጨመርኩ። በጨው ላይ ከጫኖ የሚመጣውን ሎሚ ጨመቅኩበት። አንዳንዴም ደቃቅ አሸዋ ነፍቼ ሞክሬያለሁ፤ ለድስት እንኳ የማይደረገውን። እያለቀስኩ፣ ወደ ጎን፣ መጋዝ እንደሚስብ ሰው።

ቡናማው ንቅንቅ አላለም። የሄደው ድዴ ነው።

መጀመሪያ ቀዝቃዛ ውሃ ስጎነጭ ጭንቅላቴ ድረስ ይወጋኝ ጀመር። ቀጥሎ የታች የፊት ጥርሶቼ፣ ሁለቱ መሀለኞቹ፣ ረዘሙ። እህቴ ቀልደኛ ናት፤ አንድ ቀን እራት ላይ ትኩር ብላ አየችኝና "አንቺ፣ ጥርስሽ እያደገ ነው እንዴ? እንደ አይጥ?" አለችኝ። ድዱ ሸሽቶ ሥሩ ነው የወጣው። በምላሴ ስገፋው ነቅነቅ ይላል። ቡናማ ጥርስ አንድ ነገር ነው፤ ባዶ አፍ ደግሞ ሌላ። ገና ያላገባሁ፣ ገና ሰው ፊት የምቆም፣ የፊት ጥርሴን አራግፌ ልቀር?

በዚያ ዘመን ከሶሻሊስት አገር የመጣች አንዲት የጥርስ ሐኪም ከተማችን ነበረች። እህቴ እየጎተተች ወሰደችኝ። ወንበሩ ላይ ተቀምጬ "አፍሽን ክፈቺ" ስትለኝ፣ ሳልከፍት እንባዬ ቀደመ። አስተርጓሚዋ ነርስ "ሳትነካሽ ነው እንዴ የምታለቅሺው?" አለች። ከፈትኩ። በመስታወቷ አየች፣ ከዚያ በምን እንደምፍቀው ጠየቀችኝ። አንድ በአንድ ተናገርኩ። አሸዋ ስል ነርሷ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት፤ ሐኪሟ ግን አልሳቀችም። ቀለሙ የጥርሱ ነው አለች። ጥርሱ ድድ ውስጥ ሆኖ ሲሠራ ከውሃው ጋር የገባ ነው፤ ላዩ ላይ ያረፈ እድፍ አይደለም። ነርሷ ስትተረጉምልኝ "ዕድሜ ልክሽን ብትፍቂው አይለቅም ነው የምትለው" አለችኝ። ያን ሁሉ ጠዋት በከንቱ! የሠራሁት ነገር ቢኖር ደህናውን ሥጋዬን መገዝገዝ ብቻ ነው።

ሐኪሟ ቀጠለች። እንዲሁ ከተተወ ሁለቱ ጥርሶች ይወድቃሉ። ግን ከላንቃዬ ላይ ስስ ሥጋ አንስታ ድዱ የሸሸበት ቦታ ልትሰፋው ትችላለች። ከያዘ ጥርሶቹ ይተርፋሉ።

"ከየት ነው የምታነሣው?" አለች እህቴ።

ነርሷ የራሷን ላንቃ በጣቷ አሳየቻት። አባታችን ደጋ ሳለ ሸማኔ ነበር፤ እህቴ ወዲያው ገባት። "አሃ! በእራፊ ልትጥፋት ነው" አለች። ቀዶ ጥገናውን ከዚያ በኋላ እኛ ቤት በሌላ ስም ጠርተነው አናውቅም፤ እራፊ ነው።

መርፌው ያማል፤ አልዋሽም። ከዚያ በኋላ ግን መጎተቱን እንጂ ሕመሙን አላውቀውም። ከላይ ስትቆርጥ ሰማሁ፤ ከታች ስትሰፋ ክሩ ከንፈሬ ላይ ሲሄድ አየሁ። ስትጨርስ ነርሷ ትእዛዙን ነገረችን። እራፊው ሥር እስኪይዝ እንዳትነካው። ትኩስ የለም፣ ጠጣር የለም፣ መፋቂያ የሚባል የለም። ጠዋት ጠዋት እህቴ ከንፈሬን በቀስታ ገለጥ አድርጋ በጨው ውሃ ታጥበኛለች። ከዚያ ውጪ አፌን አልከፍትም። "ወሬ የለም፣ ሳቅ የለም፣ ጩኸት ደግሞ ጭራሽ። ከንፈርሽ በኃይል ከተሳበ ክሩ ይበጠሳል፤ እሷም ሁለተኛ አትሰፋልሽም፣ ወደ አገሯ መመለሻዋ ደርሷል።"

"ዝም ማለት ለሷ ምኗም አይደል" አለች እህቴ።

እውነቷን ነው፤ በሕይወቴ እንደዚያ የተመቸኝ ጊዜ የለም። አፌን በነጠላ ሸፍኜ እቀመጣለሁ፤ የሚጠይቀኝ የለም። ጠዋት እህቴ ከንፈሬን ገለጥ አድርጋ "እሰይ! ሥጋ እየመሰለ ነው" ትለኛለች። በመስታወት ሳየው ነጣ ያለው እራፊ ጠርዙ ቀላ ቀላ ብሏል። ሁለቱ ጥርሶቼ ከነቡናማነታቸው ሥራቸው ተሸፍኗል። ደስ አለኝ። በጥርሴ ደስ ሲለኝ የመጀመሪያዬ ነበር።

እሑድ ጠዋት ቀበሌ ስብሰባ ጠራ። እኛ ጴንጤ ከሚሏቸው ቤቶች ነን። ጸሎት ቤታችን ከታሸገ ወዲህ በየሰው ሳሎን በሹክሹክታ ነበር የምንጸልየው። ስብሰባ መቅረት ለሌላው ሰው ከቀበሌ ሱቅ ስኳር መከልከል ነው፤ ለእኛ ከዚያ የባሰ ነው። ከወንድሞች መካከል እጄን አላነሣም፣ መፈክር አልልም ብለው የታሠሩ አሉ። እህቴና እኔ እንኳ ከእነሱ ወገን አልነበርንም። እኛ እጃችንን አውጥተን አፋችንን እናንቀሳቅስ ነበር፤ እግዜር ልብን ያያል እያልን። ስለዚህ እህቴ "ሄደሽ ከኋላ ቁሚ፤ ማን ያይሻል?" አለችኝ። ሄድኩ።

እንደ ደረስን "መምህራን ወደ ፊት!" ተባለ። ወይ ጉዴ! ከፊት ተሰለፍኩ፣ ከጓደኞቼ ጋር። ከኋላችን የተማሪዎቼ እናቶች ቆመዋል፤ ተማሪዎቼም አሉ። የቀበሌው ሊቀመንበር መፈክር ማሰማት ጀመረ። ሁሉም ግራ እጁን አንሥቶ ጮኸ። እኔ እጄን አነሣሁ፤ አፌ ግን በነጠላ እንደተሸፈነ ነው። መፈክሩ አንዴ አለፈ፣ ሁለቴ አለፈ። ከዚያ ድምፅ ማጉያውን ወደ እኔ አዞረ።

"ጓዲት መምህርት! አብዮት በሽፍንፍን ነው እንዴ?"

ሰው ሳቀ። እህቴ ከሴቶቹ መካከል ሆና "ታማ ነው ጓድ ሊቀመንበር! ድዷ ተሰፍቶ ነው!" ብላ ጮኸች። ያኔ ነው ሳቁ የተለቀቀው። ድድ ይሰፋል እንዴ? ማን ሰምቶ ያውቃል! ከኋላ አንዱ "ሱሪ መሰላት?" አለ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እኔም ብሆን አላምንም ነበር። ውሸት ለመዋሸት እንኳ የማይመች ነገር ነው። ሊቀመንበሩ ግን አልሳቀም። እንዲህ ያለውን ሰበብ ከጴንጤዎች ስንት ጊዜ ሰምቷል፤ ጉሮሮዬን አሞኛል፣ ድምፄ ዘግቷል እየተባለ። ሁለቱ የአብዮት ጥበቃዎች ጠጋ ጠጋ አሉ።

"ጥሩ" አለ። "ነይና ለሕዝቡ አሳዪ። የተሰፋ ካለ እናያለን፤ አሞሽ ከሆነ ቤትሽ ሄደሽ ትተኛለሽ።"

እንግዲህ ይኸው ነው። ከንፈሬን በጣቴ ገለጥ ባደርገው አልቆ ነበር። እህቴ ጠዋት ጠዋት የምታደርገው ያንኑ ነው፤ እራፊው ምንም አይሆንም። "ውነቷን ነው" ይባላል፣ እሄዳለሁ፣ ድዴም ይድናል። ግን ያ ሁሉ ሰው! የተማሪዎቼ እናቶች! ከንፈሬ ሲወርድ የሚታየው ስፌቱ ብቻ ነው? እጄ እስከ አገጬ ድረስ ደረሰ። እዚያ ላይ ቆመ። ምድር ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር። እህቴ ከወዲያ "አሳዪው እንጂ! አሳዪውና እንሂድ!" ትላለች። ኦቾሎ ላይ ከበው "ክፈቺ፣ ክፈቺ" ያሉኝ ሁሉ እዚያ ሜዳ ላይ የተሰበሰቡ መሰለኝ።

ነጠላዬን አወረድኩና፣ በግራ እጄ ጡጫ ፊቴን ጋርጄ፣ "ኢትዮጵያ ትቅደም!" ብዬ ጮኽኩ።

ጠቅ ሲል ተሰማኝ። ክሩ ነው። ሊቀመንበሩ "ኢምፔሪያሊዝም!" አለ፤ እኔ "ይውደም!" አልኩ። አፌ ሞቀኝ፤ የብረት ጣዕም መጣ። "ፊውዳሊዝም!" "ይውደም!" ከዚያ በኋላ ያለውን አልቆጠርኩም። ደሙ በአገጬ ላይ ወርዶ ነጠላዬ ላይ ሲንጠባጠብ ከጎኔ የቆሙት መምህራን ሸሸት አሉ። ሊቀመንበሩም ደነገጠ መሰለኝ፤ ወዲያው ግን ድምፁን ከፍ አድርጎ "እያያችሁ ነው? ስፌቷን በጥሳ ለአብዮቷ የጮኸች መምህርት! አጨብጭቡላት!" አለ። አጨበጨቡ። ሜዳው ሙሉ ሰው አጨበጨበልኝ፤ ተማሪዎቼ ከሁሉ በላይ። እኔ ደግሞ ደሙን በነጠላዬ እየጠረግኩ፣ ጥርሴን አይተውብኝ ይሆን እያልኩ ነበር የማስበው።

እህቴ እየደገፈች ወሰደችኝ። ቤት ገብታ በሩን ዘጋችና "ምን ነክቶሽ ነው? ብታሳዪው ምን ትሆኚ ነበር?" አለች።

በእጄ ጥርሴን አሳየኋት።

"ጥርስሽን?" አለች። "ጥርስሽን ማን የማያውቅ አለ? የቆላ ልጅ እንደሆንሽ ማን ያጣዋል? አንቺ ብቻ ነሽ እኮ የደበቅሽ የሚመስልሽ!"

ከዚያ አለቀሰች፤ ያን ሁሉ ጠዋት በጨው ውሃ ያጠበችኝ እሷ ናት። በማግስቱ ሐኪሟ ጋ ስንሄድ እራፊው ግማሹ ተላቆ ነበር። "ምን በላሽ?" አለችኝ በነርሷ አፍ። "ቆሎ" አልኩ። ቆሎ! እህቴ ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። ሐኪሟ የተላቀቀውን ቆርጣ ጣለችው። በአንዱ ጥርስ ሥር የቀረው ይዟል፤ ሌላው ባዶውን ቀረ። እሷ ወደ አገሯ ሄደች፤ ባዶው ጥርስም ከወራት በኋላ እንጀራ ስበላ በእጄ ላይ ወጣ። ያ ግን ከነገሩ ሁሉ ቀላሉ ነው።

ከባዱ ወሬው ነበር። ከስብሰባው ቦታ ራቅ ብለው የሚኖሩ የጸሎት ሰዎች የሰሙት ሌላ ነው። ነጠላዬ በደም ርሶ እህቴ እየደገፈችኝ ስሄድ ያየ ሰው ሳይኖር አልቀረም። የስብሰባው ዕለት ማታውኑ "መፈክር አልልም ብላ አፏን በሰደፍ መቷት" ተብሎ ተወራ። እኔ አፌ እንደገና በነጠላ ታስሮ ተቀምጫለሁ፤ ሰው እየመጣ እጄን ይዞ ይጸልይልኛል። "ስለ ስሙ የደማሽ" ይሉኛል። እህቴ ብትነግራቸው በወደድኩ፤ እሷ ደግሞ ነገሩን ለኔ ትታ እንጀራ ለማምጣት ወደ ጓዳ ትገባለች። ቀበሌው በሌላ በኩል በየስብሰባው ስሜን ያነሣል። ለአብዮት ደማች፤ ለጌታ ደማች። እኔ የደማሁት ለጥርሴ ነው። እንዴት አድርጌ ይህን ለሰው ልናገረው? በየትኛው አፌ?

በዚያው ሰሞን አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንዲት አሮጊት መጡ። አውቃቸዋለሁ፤ ልጃቸው ከታሠሩት አንዱ ነው። ወጣት የእርሻ ሠራተኛ ነበር። እንደኔው ስብሰባ ላይ ከፊት አቁመው መፈክር በል ሲሉት እጁን አጣጥፎ ዝም አለ፤ በዚያው ወሰዱት። እናቱ በየቀኑ ስንቅ ያደርሱለታል። የእሱን ነገር ግን አንሥተው ሲያወሩ ሰምቼ አላውቅም። ወንድሞች "ልጅዎ የእምነት ጀግና ነው" ሲሏቸው አንገታቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ ሁላችንም ትሕትና ነው እንል ነበር።

በሳህን ቡላ ገንፎ አምጥተውልኛል፤ ሞቅ ያለ፣ ቅቤ ጣል ያለበት። አፍ ለሚያመው ሰው የተሠራ። አጠገቤ ተቀምጠው በማንኪያ ሊያጎርሱኝ ሲሉ "እማማ፣ ተዉ፣ እኔው እበላለሁ" አልኳቸው።

"ብይ ልጄ" አሉኝ በጋሞኛ። "የሱ ድርሻ ነው። ዛሬ በር ላይ አናስገባም ብለው መለሱኝ። ማን ይብላው ስል አንቺ ትዝ አልሽኝ። አንቺና እሱ አንድ ናችሁ።"

ማንኪያው አፌ ድረስ ደርሶ ነበር። ሳልጎርስ መለስኩት። ቀበሌ ሲያጨበጭብልኝ ቻልኩት፤ ወንድሞች ሲጸልዩልኝ ቻልኩት። ይህን ግን እንዴት ልዋጠው? አፌን ልከፍት ስል ስፌቱ ያመኛል፤ ይመመኝ አልኩ።

"እማማ፣ ማንም አልመታኝም" አልኩ። "ጮኼ ነው። የነሱን መፈክር ነው የጮኽኩት፤ ደጋግሜ።"

ሳህኑን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ።

"ያውም ፈርቼ አይደለም። ከንፈርሽን አሳዪ ሲሉኝ፣ ጥርሴን ሰው እንዳያየው ብዬ ነው።" ይህን ስል ፊቴ በርበሬ መሰለ። እንዳያምኑኝ ፈርቼ ወይም አምነው እንዲጠሉኝ ፈልጌ፣ አላውቅም፣ ከንፈሬን በጣቴ ወደ ታች አወረድኩላቸው። ቡናማውን፣ ሥሩ የተገለጠውን ጥርስ፣ የተበጠሰውን ስፌት፣ ሁሉንም።

ጎንበስ ብለው አዩ። ተነሥተው ይሄዳሉ ብዬ ጠበቅኩ፤ ሳህናቸውን ይዘው። እሳቸው ግን በሩን ዞር ብለው ተመለከቱ፤ ከእህቴ በቀር ሰው እንደሌለ አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ምነው የኔም ልጅ ጮኾ በነበር" አሉ። "ለጥርሱም ብሎ፣ ለምንም ብሎ። ቤቱ ገብቶ እራቱን ይበላ ነበር።"

ማንኪያውን ከእጄ ወስደው ገንፎውን ቆረሱና ወደ አፌ አቀረቡት። ጎረስኩ።

"ይህን ግን ለወንድሞች እንዳትነግሪብኝ" አሉኝ። "አፍራለሁ።"